የአዛዡ ሁለተኛ ዓይን

ወደዚህ ነገር የገባሁት በሦስት ምክንያት ነው፤ ከሦስቱ አንዱንም እኔ አልመረጥኩትም። አንደኛ፣ ከወረራው በፊት አዲስ አበባ አራት ዓመት ትምህርት ቤት ገብቼ ፈረንሳይኛ ተምሬ ነበር። ሁለተኛ፣ ጣልያኖቹ ጣርማ በር ላይ የመንገዱን ዋሻ ሲፈለፍሉ የመሣሪያ መጋዘን ጸሐፊ ሆኜ ስለ ሠራሁ ቋንቋቸውን ከነስድቡ ለቅሜ ነበር። ሦስተኛ፣ በ፲፱፻፴ ዓ.ም. ግንቦት ወር ከዋሻው አፍ የተንከባለለ ድንጋይ የግራ እግሬን ሦስት ጣቶች ጨፈለቀና ለተራራው ሥራ የማልበጅ ሆንኩ። የሐምሌ ዝናብ ሲጀምር በካሚዮን ጭነት ላይ ተቀምጬ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። የአካባቢው ጣልያን አዛዥ ጽሕፈት ቤት ስደርስ ማኅተም ያረፈበት ቁራጭ ወረቀት ተሰጠኝ፤ «ለተወላጆች ልጆች የሥዕል ትምህርት አስተርጓሚ» ይላል።

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አገሩ ተይዟል፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ካሉት መንደሮች ወንዱ እኩሌታው ጫካ ገብቷል፤ የቀረው ድንጋይ ይሸከማል፤ ቆላው በወባ ይንቀጠቀጣል። እኔ ደግሞ ሥዕል ላስተረጉም ነው። ከዚያ ወዲህ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ረጅም ዘመን አገልግዬ፣ ብዙ የማይረባ ትእዛዝ ፈርሜ ተቀብዬ፣ ጥቂቱንም ራሴ አስተላልፌ በክብር ጡረታ ወጥቻለሁ። እንደዚያኛው ያለ ትእዛዝ ግን ሁለተኛ አላጋጠመኝም።

መምህሩ አርባ ዓመት ገደማ የሆነው ቀጭን ጣልያን ነበር። የመነጽሩ አንድ ክንድ ስለ ተሰበረ በሲባጎ አስሮታል። በአገሩ ሠዓሊ ነበር፤ በወጣትነቱም ጀርመን አገር ተቀምጦ አንድ የአሣሣል ስልት ተምሯል። ለጦርነቱ በግድ ተጠርቶ መጣና የመንገዱ ካርታ ነዳፊ አደረጉት። ወባ ሲጥለው ከተራራው ወርዶ ሥራ ፈታ፤ ሥራ ሲፈታም አዛዡን ለምኖ ይህን ትምህርት አስፈቀደ። አዛዡ የፈቀደበት ምክንያት ግልጽ ነበር። በየወሩ ወደ ደብረ ብርሃን በሚልከው ሪፖርት ውስጥ «ለሕዝቡ የተደረገ በጎ ሥራ» የሚል ርእስ አለ፤ ከርእሱ ሥር የሚጻፍ ነገር ግን ጠፍቶ ነበር።

«ያዩትን አይሣሉ» አለኝ መምህሩ በመጀመሪያው ቀን። «የተሰማቸውን ይሣሉ። ቁጣ ቀይ ሆኖ ከታያቸው ተራራውን ቀይ ያድርጉት። ፍርሃት ቤቱን ካጣመመባቸው ቤቱ ይጣመም። ልጅ የሚሰማውን አውጥቶ ካላሳየ ውስጡ ይበሰብሳል። አንተ ይህን ብቻ ንገርልኝ፤ የቀረውን ቀለሙ ያስተምራቸዋል።»

«ሲኞር፣ እዚህ አገር አሁን የሚሰማውን አውጥቶ ያሳየ ሰው የት እንደሚገባ ያውቃሉ?» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። የምናስተምርበት የሲሚንቶ መጋዘን ከእስር ቤቱ ጋር ጎን ለጎን ነበር፤ በመስኮታችንና በእስረኞቹ መስኮት መካከል አሥር እርምጃ አይሞላም።

ወረቀታችን የሲሚንቶ ከረጢት ነው። የውጭውን ሽፋን ልጠን የውስጡን ንጹሕ ገጽ እንጠቀማለን። ቀለማችን ለድልድይ ብረት የመጣ ቀይ፣ ለመንገድ የመጣ ሬንጅ፣ ኖራ፣ እንዲሁም መምህሩ ከራሱ ሣጥን እየቆጠበ የሚያወጣው ጥቂት ቢጫና ሰማያዊ ነበር። ብሩሽ ስላልነበረ ልጆቹ የመፋቂያ እንጨት ጫፉን እያኘኩ አለሰለሱት። ይህን ዘዴ ማንም አላስተማራቸውም፤ መምህሩ ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔ ግን ያለችኝ አንዲት ኮት በዚያው ሳምንት በሬንጅ ተለወሰች። ስለ ኮቱ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም።

የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ቁጣ ነበር። መምህሩ ፊቱን አጨፈገገ፣ ጠረጴዛውን በቡጢ መታ፣ ጥርሱን አፋጨና በቋንቋው «ቁጣ!» ብሎ ጮኸ። እኔም እንደ ግዴታዬ በአማርኛ «ቁጣ!» አልኩ። ሃያ ሦስቱ ልጆች እኩል ፊታቸውን አጨፈገጉ፣ መሬቱን በቡጢ መቱ፣ «ቁጣ!» ብለው በአንድ ድምፅ መለሱ። ግማሾቹ የቄስ ተማሪዎች፣ ግማሾቹ የቁርአን ተማሪዎች ናቸው። መምህር ሲናገር ተቀብሎ በኅብረት መመለስ ነው ትምህርት ብለው የሚያውቁት።

«አይደለም! አይደለም!» አለ መምህሩ፤ ተረጎምኩ።

«አይደለም! አይደለም!» አሉ ልጆቹ።

«ምን እያሉ ነው?»

«እርስዎን እየተቀበሉ ነው፣ ሲኞር።»

«አይቀበሉኝ! ከራሳቸው ያውጡ በላቸው!»

ይህንንም ተረጎምኩ። ከፊት የተቀመጠ አንድ የቀወት ልጅ እጁን አወጣና፣ «ጋሼ፣ ምን ብለን እንቆጣ? እሳቸው ይበሉንና እንቆጣለን» አለኝ። ለዚህ የሚሆን ጣልያንኛ አጣሁ። ሰባት ቀን እንዲሁ በከንቱ አለፈ፤ ልጆቹ የሣሉት ሁሉ የመምህሩን ጠረጴዛ ነበር፤ መምህሩ የመታው እሱን ነውና።

መስከረም ሲገባ ደግሞ ክፍሉ ባዶ ሆነ። ማሽላው እሸት ይዟል፤ ልጆቹ ወንጭፍ ይዘው ማማ ላይ ወጥተው ወፍ ይጠብቃሉ። መምህሩ «ለምን ቀሩ?» እያለ ጠዋት ማታ ሲነዘንዘኝ፣ በዚያው በሚያነክስ እግሬ ማሳው ድረስ ይዤው ሄድኩ። ልጆቹ ማማው ላይ ቆመው እየዘለሉ፣ ድምፃቸው እስኪሰነጠቅ እየጮሁ፣ ወፏን እናቷንና አባቷን እየሰደቡ ድንጋይ ይወነጭፋሉ። መምህሩ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። «ይኸው! ይኸውልህ! ይህን ይሣሉልኝ!» አለ። ከረጢቱንና ቀለሙን ማሳው ድረስ ተሸክሜ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። የዚያን ሰሞን ከበሬ የሚበልጡ ቀያይ ወፎች፣ ከሰው የሚረዝም ምንቃር፣ ጥፍር የሚያህሉ ሰዎች ተሣሉ። እውነቱን ለመናገር አንዳንዶቹን ሳይ ፀጉሬ ይቆም ነበር። ይህን ግን ለመምህሩ አልነገርኩትም፤ ያለዚያም ደስታው በዝቶብኝ ነበር።

ወፎቹ ሌላ መዘዝ አመጡ። ከአሊዩ አምባ በኩል የሚነግዱ አንድ ሽማግሌ ሼኽ የልጅ ልጃቸው እኛ ዘንድ ይማር ነበር። አንድ ቀን በትራቸውን እየመቱ መጡ።

«ልጄ፣ ይህ ፈረንጅ የልጅ ልጄን ነፍስ ያለው ነገር አሣለው ወይ?»

«ወፍ ነው የሣለው፣ አባባ።»

«ወፍ ነፍስ የለውም?»

«አለው።»

«እንግዲያ የቂያማ ለት ‹በል ነፍስ ዝራበት› ሲባል አንተ ልትመልስለት ነው? ወይስ ይሄ መነጽሩን በገመድ ያሰረው?»

ለመምህሩ አስረዳሁት፤ ይቀየማል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ በራ። «ነፍስ የሌለውን ብቻ ይሣል! ይህ እኮ ከሁሉም የሚበልጥ ነው!» አለ። ልጁ ከዚያ ወዲህ እሳት፣ ነፋስ፣ ጎርፍ ብቻ ይሥል ጀመር። በሌላ ሳምንት ሼኹ ሊቆጣጠሩ ተመልሰው መጡ። ልጁ መካከሉ ቀይ የሆነ ትልቅ ጥቁር ክብ ሥሎ አገኙት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ዋሻው ነው፣ ባባ» አለ ልጁ። «አባዬ የሞተበት።»

ሼኹ በትራቸውን ተደግፈው ወደ ሥዕሉ ጎንበስ አሉ። ቀና ብለው፣ «ነፍስ የለውም» አሉኝ። «ይሁን፤ ይሣል።»

አሁን ነገሩ ሁሉ ወደ ተጠመጠመባት ልጅ እመጣለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ገደማ የሆናት የቀወት ገበሬዎች መንደር ልጅ ናት። የመጣችው ለትምህርት አልነበረም፤ በየቀኑ ለታሰረ አባቷ ምሳ ታመጣለች፣ ዘበኛው ደግሞ የእኩለ ቀን ደወል ካልተመታ በር አይከፍትም፤ ስለዚህ እስኪደወል ከእኛ ጋር ትቀመጣለች። እኔም በዝርዝሩ ሃያ አራተኛ አድርጌ መዘገብኳት።

አባቷ፣ ሁሉም «አለቃ» የሚላቸው፣ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ከጣርማ በር ግርጌ እስከ ቆላው ብዙ መቅደስ የእሳቸው እጅ አርፎበታል። የቀለም ዱቄታቸውን የሚያኖሩት በተተኮሰ ጥይት ቀለህ ውስጥ ነው፤ አፉን በሰም ይደፍኑታል። ቀለህ ውኃ አያስገባም፣ አይሰበርም፣ በዚያ ዘመን ደግሞ በየሜዳው ይለቀማል። በነሐሴ ወር ኬላ ላይ ሲፈተሹ ከአኮፋዳቸው አሥራ አንድ ቀለህ ወጣ። ወታደሮቹ ቀለሁን አዩ፤ ሰሙን ከፍቶ ውስጡን ያየ አልነበረም። «ለሽፍቶች ጥይት ያቀብላል» ተብለው ገቡ። በጥቅምት መጨረሻ በሚነሣው ካሚዮን ወደ ሩቅ የባሕር ጠረፍ እስር ቤት ከሚላኩት ዝርዝር ውስጥ ስማቸው ተጽፎ በዓይኔ አይቻለሁ። ወደዚያ ተልኮ የተመለሰ ሰው በአካባቢያችን አልነበረም።

ወዲያው በሦስት ቅጂ ማመልከቻ ጻፍኩላቸው። አጭር፣ ግልጽ፣ ስሕተት የሌለበት ነበር፤ ዛሬም ቢሆን አንድ ቃል አልለውጥበትም። አዛዡ የመጀመሪያውን ቅጂ የሲጋራ መተርኮሻ አስቀመጠበት። ሁለተኛው የት እንደ ገባ አላውቅም። ሦስተኛውን ለመምህሩ አሳየሁት።

«አውደ ርእይ እናደርጋለን!» አለ መምህሩ። «አዛዡ መጥቶ ልጆቹ የሠሩትን ይመልከት። ልቡ ሲራራ ያኔ ስለ ልጅቱ አባት እንለምነዋለን።»

በሕይወቱ የተናገረው አንድ ፍሬ ያለው ነገር ይህ ነበር። ዳሩ ግን በዚያው ሳምንት ልጅቱ አዛዡን ሣለች።

ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ግድግዳ ያየ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። ጻድቅ ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ በሁለት ዓይን ይሣላል። ሰይጣን፣ ከሓዲና ሰማዕታቱን የሚያሠቃየው ወታደር ግን በጎን ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። የሠዓሊ ልጅ ደግሞ ይህን ከፊደል በፊት ነው የምትማረው። አዛዡን ከረጢቱ ሙሉ አድርጋ፣ ቆቡን በሬንጅ፣ ጉንጩን በድልድዩ ቀይ ሠርታ፣ በጎን አዙራ፣ እንደ ገበታ የሰፋ አንድ ዓይን አድርጋለታለች።

መምህሩ ሥዕሉን ሲያይ ተንቀጠቀጠ፤ በወባ አልነበረም። «መካከል ላይ የሚሰቀለው ይህ ነው!» አለ።

ልጅቱን ወደ ጥግ ወሰድኳት።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ማነው?»

«አዛዡ ናቸዋ።»

«ሌላው ዓይናቸው የት ሄደ?»

«የላቸውም።»

«አላቸው! ትናንት አይቻቸዋለሁ፤ ሁለቱም በቦታቸው ናቸው።»

«ያያችሁትን አትሣሉ፣ የተሰማችሁን ሣሉ ተብለናል። ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ ነዎት የነገሩን።»

«እኔ አስተርጓሚ ነኝ! ስሚኝ፤ አባትሽ የሚፈታው በእኚህ ሰው ቃል ነው። አንዲት ዓይን ብትጨምሪ ምን ይጎድልብሻል?»

«ከጨመርኩላቸው ጻድቅ ሆኑ ማለት እኮ ነው።»

«ወረቀት ላይ ነው! የሲሚንቶ ከረጢት!»

«አባዬ ግድግዳም ሆነ ብራና ያው ነው ይላል። ለሰይጣን ሁለት ዓይን የሠራ ሠዓሊ እጁ ይቆረጥ ይላል።»

«የእጁን ነገር ተዪው፤ አሁን የሚወስዱት ራሱን ነው።»

ይህን ማለት አልነበረብኝም። ልጅቱ አለቀሰች። እያለቀሰች መፋቂያዋን ቀይ ውስጥ ነከረችና የአዛዡን ጉንጭ ደግማ አቀላችው። ዓይኑን አልጨመረችም።

በማግሥቱ ቀትር ላይ፣ ጣልያኖቹ ሁሉ ከሙቀቱ ሸሽተው በሚተኙበት ሰዓት፣ ራሴ መጋዘን ገባሁ። ኖራና ሬንጅ አዘጋጅቼ መፋቂያውን አነሣሁ። በጎን በዞረ ፊት ላይ ሁለተኛው ዓይን የት እንደሚገባ እያሰላሁ ሳለ ከኋላዬ፣ «ሌባ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። መምህሩ ትኩሳት ስለ ነበረበት እንቅልፍ አልወሰደውም።

«የልጅን ስሜት በአዋቂ እጅ ታበላሻለህ? ካንተ አልጠበቅሁም!»

ምክንያቱን ብነግረው ይገባው ነበር። ነገር ግን ይህ ሰው ማታ ማታ ከአዛዡ ጋር ራት ይበላል፤ አዲስ ነገር ያወቀ ዕለት ደግሞ አፉ አይያዝም። «የአገሬው ልማድ እንዴት ድንቅ ነው!» ብሎ በወይን ጠጁ መካከል እንደሚያወራው በእርግጥ አውቅ ነበር። ስለዚህ ሌባ መባሉን ዋጥኩና መፋቂያውን አስቀመጥኩ። እኔ በመጋዘን ጸሐፊነቴ አንዲት አካፋ ያልጎደለችብኝ ሰው ነኝ።

አውደ ርእዩ በጥቅምት አጋማሽ በአንድ የገበያ ቀን ሆነ። ሥዕሎቹን በገመድ ላይ በግራር እሾህ ሰክተን ሰቀልናቸው። አዛዡ ጫማውን አስወልውሎ መጣ። አንድ ባላባት፣ አንድ ቄስና ሼኻችን በትእዛዝ ተጠርተዋል። አዛዡ ወፎቹን አልፎ፣ ዋሻውን አልፎ፣ መካከል ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እኔ ነኝ!» አለ።

ቄሱ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ሳል አስመሰሉ። ባላባቱ የጣራውን ቆርቆሮ ይመረምሩ ጀመር። ሼኹ የእስልምና ሰው ቢሆኑም ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጋር ኖረዋልና ሥርዓቱን አሳምረው ያውቁታል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ወላሂ፣ ይቺ ልጅ ናት ወይስ ቃዲ?» አሉኝ።

አዛዡ ግን ከኪሱ አንድ ሊሬ አወጣና የንጉሡን ምስል ከሥዕሉ አጠገብ አስጠጋው። «ተመልከቱ! በጎን! እንደ ንጉሡ ነው የሣለችኝ!» አለ። እውነትም ገንዘቡ ላይ ያሉት ንጉሥ አንድ ዓይን ናቸው፤ በእኛ ማርትሬዛ ብር ላይ ያለችውም ሴት እንዲሁ ናት፤ ግን ገንዘብ ይዞ ዓይን የቆጠረ ሰው በአገራችን አልነበረም። አዛዡ ልጅቱን አስጠራና፣ «ስትሥይኝ ምን ተሰማሽ?» ብሎ ጠየቃት። ተረጎምኩላት።

«እሳቸውን ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ ይበሏቸው» አለች። «አባቴን ያለ ጥፋቱ አስረውታል። አባቴ ሠዓሊ ነው። ቀለሁ የቀለም ማኖሪያ ነው እንጂ ጥይት የለበትም። ሰሙን ከፍተው ቢያዩት ያውቁ ነበር።»

ትርጉሜን ከሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ጀመርኩ። ከዚያ ያለውን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናገርኩ። በዘመኔ ብዙ ቃለ ጉባኤ ይዣለሁ፤ እያወቅሁ ያጎደልኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ይህ ብቻ ነው።

አዛዡ ሥዕሉን እንደገና አየ። «ልጅቱ ይህን ከሠራች አባትየው ምን ሊሠራ ነው?» አለ። «እንግዲያ ይውጣና በጽሕፈት ቤቴ ግድግዳ ላይ ይሣለኝ። ካማረኝ ቤቱ ይገባል። ካላማረኝ ካሚዮኑ አለ።»

አዋቂ ሰው ስለ ሆኑ ይገባቸዋል ብዬ ተስፋዬን በአባትየው ላይ ጣልኩ። ከእስር ቤቱ ሲወጡ በር ላይ ተቀበልኳቸው። አስቀድመው የልጃቸውን ሥራ አሳየኝ አሉ። ዓይናቸውን አጥብበው ተመለከቱት።

«ጆሮው ላይ ተሳስታለች» አሉ። «ዝቅ ብሏል።»

«ዓይኑስ፣ አለቃ?»

«ዓይኑ ልክ ነው።»

«አለቃ፣ እባክዎን! ፊት ለፊት ይሥሉትና ወደ ቤትዎ ይግቡ። ስለ ልጅዎ ይበሉ።»

«አንተ ጸሐፊ ነህ አሉ። የሌለውን አለ ብለህ ትጽፋለህ?»

«አልጽፍም።»

«እንግዲያ ምን ትነዘንዘኛለህ?»

ያጎደልኳት ዓረፍተ ነገር ትዝ አለችኝ። አባትና ልጅ አንድ ላይ አደረቁኝ ማለት ይቻላል።

አለቃ ቀለማቸው ካልመጣ እንደማይሠሩ አስታወቁ። ቀለሙ ደግሞ በማስረጃነት የተያዘው ነው። አሥራ አንዱ ቀለህ ከነአኮፋዳው መጥቶ አዛዡ ፊት በጠረጴዛ ላይ ተደረደረ። አለቃ ሰሙን በጥፍራቸው ፈልቅቀው አንዱን ሲገለብጡት ቢጫ ዱቄት ፈሰሰ፤ ሁለተኛው ሰማያዊ፣ ሦስተኛው ቀይ። አዛዡ እስከ አሥራ አንደኛው ድረስ ቆሞ አየ። ያቺ ማመልከቻዬ በዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ በዚያው መተርኮሻ ሥር ነበረች። ውስጧ የተጻፈው ይኸው ነበር። አዛዡ ዱቄቱን ከእጁ አራግፎ «ይጀምር» አለ።

ሥራው ዘጠኝ ቀን ፈጀ። አዛዡ በበቅሎ ላይ ተቀምጦ፣ ሰይፍ ይዞ፣ በጎን ዞሮ፣ በአንድ ዓይን ግድግዳው ላይ ወጣ። ወሬው ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ በገበያው ስለ ተነዛ፣ ያ ጽሕፈት ቤት አይቶት የማያውቀው ባለ ጉዳይ ይጎርፍበት ጀመር። ክስ የሌለው ሰው ክስ ፈጥሮ ይመጣል። አንዲት ሴት ዶሮዬ ጠፋች ብላ ሦስት ቀን ተመላለሰች፤ ዶሮዋ በብብቷ ነበረች። ሁሉም ከአዛዡ ራስ በላይ ግድግዳውን ያያል፣ እጅ ይነሣል፣ አፉን በነጠላው ሸፍኖ ይወጣል። የዚህን ሁሉ ባለ ጉዳይ ስም ከነጉዳዩ የምጽፈው እኔ ነኝ። አዛዡ «ሕዝቡ ወደ ጽሕፈት ቤቴ መምጣት ለመደ» ብሎ በሪፖርቱ «በጎ ሥራ» ከሚለው ርእስ ሥር እንዳስገባው በእጄ ስገለብጥ አየሁ።

የካሚዮኑ መነሻ ቀን በመንገድ መበላሸት ወደ ኅዳር መጨረሻ ተላለፈ፤ አዛዡም ሥዕሉን ቢወደውም የመፍቻ ትእዛዙን ዛሬ ነገ እያለ አቆየው። ጭንቀቱ ሊገድለኝ ደርሶ ሳለ መምህሩ ደግሞ ያልታሰበ ጥያቄ ይዞ መጣ። የልጆቹን ሥዕሎች ሁሉ ሲደረድር ሰንብቷል። አለቃ መጋዘን ውስጥ ዕቃቸውን ሲያጥቡ አገኛቸውና፣ «እናንተ ዘንድ አንዳንዱ ሰው በጎን የሚሣለው ለምንድን ነው? ጠይቅልኝ» አለኝ።

ጠየቅኋቸው። አለቃ ቀና ብለው፣ «ክፉ ስለ ሆነ ነዋ» አሉ። «ጻድቅ በሁለት ዓይን ነው። ይህን ሳያውቅ ነው ልጆች የሚያስተምረው?»

ያን ቀን ግን መረረኝ። የሠዓሊው እውነት፣ የልጅቱ እውነት፣ የመምህሩ ስሜት፣ የሁሉም ቅንነት በእኔ አንድ ጫንቃ ላይ ወድቆ ነበር። ቃል በቃል ተረጎምኩለት፤ ነቀፋውንም አልተውኩም።

መምህሩ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ከዚያ ራሱ የተሣለባቸውን ከረጢቶች ከክምሩ እየለየ ያወጣ ጀመር። ልጆቹ ብዙ ጊዜ ሥለውት ነበር። በአብዛኛው ላይ ሁለት ዓይን አለው። በሦስቱ ላይ አንድ ነው። በመጨረሻ የልጅቱን አገኘ። አንዱ ዓይን በቀለም ተሞልቷል፤ ሁለተኛው በከሰል ብቻ ተነድፎ ቀርቷል።

«አልጨረሰችውም?» አለኝ።

«እንጃ፣ ሲኞር። ይጠይቋት።»

አልጠየቃትም። ከረጢቱን ጠቅልሎ በብብቱ ያዘና ወጣ። የራት ሰዓት እየደረሰ ነበር። ወደ አዛዡ ቤት ሲያቀና በመስኮት አየሁት። ከዓይኔ እስኪጠፋ ድረስ ምን ሊናገር እንደሚችል በጣልያንኛም በአማርኛም አሰላሁ፤ በሁለቱም ቋንቋ የአለቃ መጨረሻ አንድ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ተጠርቼ ትእዛዙን ተቀበልኩ። አንደኛ፣ ሠዓሊው እስረኛ ከዝርዝሩ ተሰርዞ ከነቀለሙ በዛሬው ቀን ወደ ቤቱ ይሂድ። ሁለተኛ፣ የተወላጆች ልጆች ሥዕል ሥርዓት የጎደለው በመሆኑና መጋዘኑም ለሲሚንቶ ስለሚፈለግ ትምህርቱ ይቁም፤ መምህሩም በራሱ ጥያቄ ወደ ጣርማ በር ተመልሶ ካርታ ይንደፍ። ሦስተኛ፣ አስተርጓሚው ወደ መሣሪያ መጋዘን ይመለስ። አራተኛ፣ በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው የአዛዡ ሥዕል ለሥራው መታሰቢያ ስለሆነ ማንም ሰው እንዳይነካው፣ እንዳይጨምርበት፣ እንዳይቀንስበት። በራቱ ላይ መምህሩ ስለ አለቃ እንደ ለመነ፣ የዓይኑን ነገር ግን እንዳልተነፈሰ ከዚህ ገባኝ። ማኅተም ነበረበት፤ ፊርማም ነበረበት። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር ፳፩ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም. ነበር።